ወይዘሮ ወርቂት «ሴቭ» የሚያደርጉበት ቁልፍ አልነበራቸውም

አንድ የድሮ ተማሪዬ ለእረፍት መካነ ሰላም መጥቶ ላፕቶፑ ላይ ስካይሪም የሚባለውን ጌም አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው። የእርስ በርስ ጦርነት ያለበት አገር ውስጥ ትገባለህ፤ ከፈለግህ ከኢምፓየሩ፣ ከፈለግህ ከአመፀኞቹ ጋር ትሰለፋለህ። «መምህር፣ የቱ ይሻላል?» አለኝ። ገና ሳልመልስ «ችግር የለውም፣ ሴቭ አድርጌዋለሁ፤ ካልተመቸኝ እመለሳለሁ» አለ።

ፎልአውት ኒው ቬጋስ የሚባለው ጌም ደግሞ በየጎራው ያለህን ስም ለየብቻ ይመዘግባል። አንዱን ስትጠቅም ሌላው ይጠምድሃል። ይሄ ወደ እውነቱ ቀረብ ይላል። ግን በሁለቱም ጌሞች ስትጀምር ዘመድ የለህም፣ የታሰረ ልጅ የለህም። ወገን የምትመርጠው ከባዶ ተነስተህ ነው።

እስቲ አሁን ከእኛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ መቅደላ እንሂድ። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ለአሥር ዓመት ገደማ ከቆየበት ከአፄ ቴዎድሮስ እጅ አምልጦ የወሎ ገዥ ወደነበሩት ወደ ወይዘሮ ወርቂት ሰፈር ገባ። የወርቂት ልጅ ግን በዚያው በመቅደላ እስረኛ ነበር። ምኒልክን ቢመልሱ ልጃቸውን ያድኑ ይሆናል፤ ቢያሳልፉት ደግሞ ነገ የሸዋን ወዳጅነት ያገኛሉ። አፄ ቴዎድሮስ ነገሩን እንዳወቁ ልጁን አስገደሉት። ወርቂትም ምኒልክን ወደ ሸዋ ሸኙት።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች። ወይዘሮ ወርቂትና ተቀናቃኛቸው ወይዘሮ መስታወት ሁለቱም አምባዋን ፈልገው ወደ ጄኔራል ናፒየር ሰፈር መጡ። ናፒየር ለማናቸውም አልሰጠም፤ አቃጥሏት ሄደ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ክፍል ውስጥ «ወርቂት ማንን ደገፉ? ሀ. ቴዎድሮስን ለ. ምኒልክን» ብዬ ፈተና አውጥቻለሁ። «ለ» ያከበበ ሁሉ ሙሉ ነጥብ አገኘ። ልጁን ግን ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጥያቄዬ ከጌሙ የባሰ ነበር እኮ! ጌሙ ቢያንስ ምርጫህ ምን እንዳስከተለ ያሳይሃል።

ከእንግዲህ የምጠይቀው እንዲህ ብዬ ነው፦ «ወርቂት በዚያች ቀን ማን በማን እጅ ነበረባቸው?» የዛሬንም ሰው «ለምን የዚያ ወገን ሆነ?» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት መጀመሪያ ይህንኑ ጠይቁ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ያቺን ጥያቄ የሠራችሁ ካላችሁ ይቅርታ። እንደገና ብትመልሷት ምን ትጽፉ ነበር?