ግርሻ፦ ከአፕዴት በኋላ እምቢ የሚለው ብራይትነስ

«ሪግሬሽን» ስታቲስቲክስ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። የሶፍትዌር ሰዎች ግን ሌላ ነገር ይሉበታል። በአሮጌው ቅጂ ደህና ሲሠራ የነበረ ነገር በአዲሱ ቅጂ ሲበላሽ ወይም ከቀድሞው ሲብስ ሪግሬሽን ነው። በአማርኛ «ግርሻ» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ቃሉ የሚያስፈልግበትን አንድ ጉዳይ ላሳይ።

ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም ሺንሺቾ ውስጥ አንድ ተማሪ ሊነክስ የሚባለውን ሥርዓተ ክወና የጫነበት ላፕቶፕ አለው እንበል። ማታ አፕዴት አድርጎ ሪስታርት ሲያደርገው ብራይትነሱ እስከ ጥጉ ወጥቶ ይቀራል። የመቀነሻውን ቁልፍ ሲጫን ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ብርሃኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ሌላው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ስክሪኑ ይጨልምና ጽሑፉ በጭላንጭል ብቻ ይታያል። መብራት በሚጠፋበት ማታ ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ ብራይትነሱ አልወርድ ያለ ላፕቶፕ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። ጥገና ቤት ሲወሰድ ከሁለት አንዱ ይባላል፤ ወይ «ስክሪኑ ሄዷል»፣ ወይ «ፎርማት ይደረግ»። የመጀመሪያው ከሆነ ከሆሳዕና እንኳ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካለው ከአዲስ አበባ ስክሪን ይታዘዛል። ሁለተኛው ከሆነ ሌላ ቦታ ያልተቀዳ የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ችግሩ ግርሻ ከሆነ ግን ሁለቱም አያስፈልጉም።

ቃሉን የወሰድኩት ከሕክምና ነው። በጊቤም ሆነ በብላቴ ቆላ ያደገ ሰው «ወባው አገረሸበት» ሲባል ማብራሪያ አይጠይቅም። ሪግሬሽንን ቃል በቃል ከወሰድነው «ወደ ኋላ መሄድ» ይሆናል፤ ይህ ለጋዜጣ ርዕስ ይመች ይሆናል እንጂ ላፕቶፑን ይዞ ለመጣ ሰው ምንም አይነግረውም። «ብልሽት» ደግሞ ከመጠን በላይ ሰፊ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የማይሠራም፣ ቡና የፈሰሰበትም፣ ትናንት ማታ አፕዴት የጎዳውም ሁሉ ብልሽት ነው። ግርሻ ግን ጊዜን በውስጡ ይዟል፤ ደህና የነበረበት ቀን አለ፣ ከዚያ ወዲህ የታመመበት ቀን አለ። ብልሃቱም እዚያው ላይ ነው፤ በሁለቱ ቀኖች መካከል ምን ተለወጠ ብለን እንድንጠይቅ ያደርገናል።

እርግጥ ቃሉ ሙሉ በሙሉ ልክክ አይልም። በሕክምናው ግርሻ የሚባለው ያው የድሮው በሽታ ሲመለስ ነው፤ በሶፍትዌሩ ግን ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ እክልም ሪግሬሽን ይባላል፣ ዋናው ነገር ሲሠራ የነበረው መቅረቱ ነው። ይህን ያህል መስፋት ቃሉ ይችላል ብዬ አምናለሁ። በዚያ ላይ ይረባል። «በአዲሱ ከርነል ብራይትነሱ አገረሸ»፣ «የግርሻ ፍተሻ»፣ «የግርሻ ሪፖርት» እያልን ልንጠቀምበት እንችላለን።

ከርነል ያልኩት ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገረውን የሊነክስ አስኳል ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባለው ፊንላንዳዊ በ1983 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ስለ ሥራው ለዓለም ካስታወቀ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ መሐንዲሶች ሲጽፉት ኖረዋል። አሁን በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ አዲስ ቅጂ ይወጣል። ሊኑስ ከሚታወቅባቸው ጥብቅ ደንቦች አንዱ ስለ ግርሻ ነው። አዲሱ ከርነል ተጠቃሚው ሲገለገልበት የነበረውን ነገር ከሰበረ ጥፋቱ የከርነሉ ነው፤ ለውጡ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ይስተካከላል ወይም ይመለሳል። ስለዚህ ላፕቶፑ የታመመበት ሰው «ምናልባት እኔ ነካክቼው ይሆናል» ብሎ መሳቀቅ የለበትም።

ለመሆኑ ብራይትነስ እንዴት ይታዘዛል? ኦሌድ ከሚባሉት በስተቀር የላፕቶፕ ፓነል በራሱ ብርሃን አይሰጥም። ከበስተጀርባው ወይም ከጠርዙ የተደረደሩ ትናንሽ ኤልኢዲዎች አሉ፤ የጀርባ ብርሃን የሚባለው ያ ነው፣ ብራይትነስ ማስተካከል ማለትም የእነሱን ጉልበት መጨመርና መቀነስ ነው። ትእዛዙ የሚደርስበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ግራፊክስ ድራይቨር በቀጥታ ሊያዘው ይችላል፤ ይህ ኔቲቭ ይባላል። አምራቹ ባዮስ በሚባለው የማሽኑ ማስነሻ ፕሮግራም ውስጥ ጽፎ ባስቀመጠው ኤሲፒአይ በሚባል አሠራር በኩልም ይታዘዛል፤ የዚህ ስሙ ቪዲዮ ነው። ከዚያ ደግሞ አንዳንድ አምራች ለራሱ ብቻ ያበጀው ቬንደር የሚባል መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ከወጣ በኋላ ብዙ አምራቾች የኤሲፒአዩን መንገድ ችላ አሉት። መንገዱ ባዮሱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ይሥራ አይሥራ ግን የሚሞክረው የለም።

ከርነሉ ለረጅም ጊዜ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ውሳኔ አልነበረውም። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ሁለት የብራይትነስ መቆጣጠሪያ ባንድ ጊዜ ይከፍትና የትኛውን እንደሚነካ ለዴስክቶፑ ይተውለታል፤ ዴስክቶፑም አንዳንዴ የማይሠራውን ይመርጣል። ሃንስ ደ ኹደ የሚባል፣ ያኔ ሬድ ሃት ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ይህን ቀየረው፤ ከርነሉ ራሱ አንዱን መርጦ ያን ብቻ እንዲከፍት አደረገ። ለውጡ የገባው በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጀመሪያ በወጣው ከርነል 6.1 ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ ለአብዛኛውም ሰው ነገሩን አቃለለ። ከርነሉ የተሳሳተውን በመረጠባቸው ሞዴሎች ላይ ግን ሌላው መቆጣጠሪያ ስላልተከፈተ ብራይትነስን የሚያዝ ጠፋ። መሐንዲሱም ይህ ሊመጣ እንደሚችል ስለገባው ተጠቃሚዎች እንዲሞክሩለት አስቀድሞ ጠይቆ ነበር። ከርነሉ ውስጥ የላፕቶፕ ሞዴሎች በስም የተዘረዘሩበት ፋይል አለ፤ «ለዚህኛው ኔቲቭ፣ ለዚያኛው ቪዲዮ» እያለ የሚለይ። ግርሻ ሪፖርት ሲደረግ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ዝርዝር ላይ አንድ ስም መጨመር ነው።

ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በ2015 ዓ.ም. መስከረም፣ ከዚህ የባሰም ታይቷል። ከርነል 5.19.12 የኢንቴል ግራፊክስ ባላቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ስክሪኑን ነጭ ብልጭ ድርግም አደረገው። የኢንቴል መሐንዲስ ፓነሉን ሊጎዳ ይችላል ብሎ ስላስጠነቀቀ በአንድ ሳምንት ገደማ 5.19.13 ወጥቶ ለውጡ ተነሣ። ያኔ «ስክሪኑ ሄዷል» ያለ ባለሙያ ላይፈረድበት ይችል ነበር።

ወደ እነ ሆሳዕናና ዱራሜ አገር፣ ወደ ሀዲያና ከምባታ ስንመለስ ግርሻ እዚህ የሚመጣበት ሁኔታ ትንሽ ይለያል። ብዙ ላፕቶፕ አገልግሎት ሰጥቶ የመጣ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም የላከው ወይም ከአዲስ አበባ የተገዛ ሰከንድ ሃንድ። ከሃርድዌሩ እርጅና ይልቅ ግን የኢንተርኔት ጥቅሉ ይበልጥ ወሳኝ ነው። የከርነል አፕዴት ከነተከታዮቹ 100 ሜጋባይት አልፎ ይሄዳል፤ በሞባይል ዳታ የሚኖር ሰው በየሳምንቱ አያወርደውም። ለወራት ይቆይና የዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ሲያገኝ በአንዴ ይጨርሰዋል። ኡቡንቱ 22.04 የሚባለውን የሊነክስ ዓይነት የጫነ ሰው 5.19 ከሚባለው ከርነል ወደ 6.2 የዘለለው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በተመሠረተበት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገደማ ነበር፤ በዚያ ዝላይ ውስጥ 6.1 ከነለውጡ ተውጧል። ዝላዩ በረዘመ ቁጥር ያጠፋውን ለውጥ ለይቶ መያዝ ይከብዳል።

ግርሻ መሆን አለመሆኑን የሚለየው አሮጌው ከርነል ነው። ኡቡንቱ አፕዴት ሲያደርግ የቀድሞውን ከርነል ወዲያው አያጠፋውም። ላፕቶፑ ሲነሣ ኢስኬፕን፣ በአሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ ሺፍትን በመጫን ግረብ የሚባለው የከርነል መምረጫ ዝርዝር ይወጣል፤ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ከሚለው ገብተው ዝቅተኛውን ቁጥር ይምረጡ። በአሮጌው ብራይትነሱ ታዞ በአዲሱ ካልታዘዘ ግርሻ ነው፣ ስክሪኑም ደህና ነው። ሁለቱን የከርነል ቁጥሮች፣ የሚሠራውንና የማይሠራውን፣ ወረቀት ላይ ይያዙ፤ ሪፖርት ሲያደርጉ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነሱን ነው። ስክሪኑ ጨርሶ ጨልሞ ምንም የማይነበብ ከሆነ የስልክዎን ባትሪ አብርተው በአግድም ያስጠጉት። ፊደሎቹ ደብዝዘው ከታዩ ምስሉ አለ፣ የጠፋው የጀርባ ብርሃኑ ነው።

ቀጥሎ ተርሚናል ከፍተው «ሲስ»፣ ከዚያ «ክላስ»፣ ከዚያ «ባክላይት» ወደሚባለው ፎልደር ይግቡ። ከርነሉ የከፈተው መቆጣጠሪያ ስሙ እዚያ አለ። «ኢንቴል ባክላይት» ወይም «ኤኤምዲጂፒዩ ቢኤል» ካለ ኔቲቩ ነው፤ «ኤሲፒአይ ቪዲዮ 0» ካለ የባዮሱ መንገድ ነው። ፎልደሩ ባዶ ከሆነ ከርነሉ ምንም አልከፈተም ማለት ነው። በስሙ ውስጥ ሲገቡ ቁጥር ብቻ የያዙ ፋይሎች ይገኛሉ። «ማክስ ብራይትነስ» ጣሪያውን ይናገራል። በባዮሱ መንገድ 7 ወይም 15 ወይም 100 የሚያህል ትንሽ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ የኢንቴሉ ብዙ ጊዜ በሺዎች ነው። «ብራይትነስ» የሚለው የታዘዘውን፣ «አክቹዋል ብራይትነስ» ደግሞ ሃርድዌሩ ደረስኩበት የሚለውን ይዟል። ቁልፉን እየተጫኑ እነዚህን ሁለቱን ደጋግመው ያንብቡ። የመጀመሪያው እየተለወጠ የኋለኛው ከቆመ፣ ወይም ሁለቱም እየተለወጡ ስክሪኑ ካልተነቃነቀ፣ ትእዛዙ የትም በማያደርስ መንገድ እየሄደ ነው። ቁልፉ ሲጫን ምንም ቁጥር ካልተለወጠ፣ ነገር ግን በሱዱ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ቁጥር ሲጽፉ ብርሃኑ ከታዘዘ፣ የታመመው ቁልፉ ነው።

መንገዱ ከተሳሳተ ከርነሉን በግድ ማስመረጥ ይቻላል። ግረብ ላይ ከርነሉን መርጠው «ኢ» የሚባለውን የላቲን ፊደል ሲጫኑ ጽሑፍ ይከፈታል። «ሊነክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልገው መጨረሻው ላይ አንድ ክፍተት ይተዉና ኤሲፒአይ፣ የግርጌ ሰረዝ፣ ባክላይት፣ የእኩል ምልክት፣ ኔቲቭ ብለው ሳያቋርጡ በላቲን ይጻፉ፤ ከዚያ ኤፍ 10። (ማንበብ በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ የጀመረ ልጅ ላቲኑን ከአንደኛ ክፍል ያውቀዋል፤ እዚህ ላይ ከብዙዎቻችን ይቀድማል።) ኔቲቭ ካልሠራ ቪዲዮ፣ እሱም ካልሠራ ቬንደር ይሞክሩ። እንዲህ የተጻፈው ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል፤ ለመሞከር የማያስፈራውም ለዚህ ነው። የሠራውን ሲያገኙ «ኢቲሲ» ውስጥ፣ «ዲፎልት» ውስጥ ያለው «ግረብ» የሚባል ፋይል ላይ ጽፈው «አፕዴት ግረብ» የሚለውን ትእዛዝ በሱዱ ያስኪዱ። የትኛውም ካልሠራ አሮጌው ከርነል ላይ መቆየት ነው፤ አዲሱ ለጊዜው እንዳይገባ የማገጃ ትእዛዝ አለ፣ ስሙም «አፕት ማርክ ሆልድ» ነው። ለዘለዓለም ግን አይታገድ፤ የደኅንነት ማስተካከያም የሚመጣው በዚያው በር ነው።

ግርሻ መስሎ የሚያሳስትም አለ። ኤንቪዲያ ካርድ ባለው ላፕቶፕ የካርዱ ድራይቨር ለእያንዳንዱ ከርነል እንደገና መገንባት አለበት፤ አፕዴቱ በመሃል መብራት ጠፍቶበት ከተቋረጠ ወይም ግንባታው ካልተሳካ አዲሱ ከርነል ያለ ድራይቨር ይነሣና ብራይትነሱም አብሮ ይጠፋል። እዚህ ላይ የሚፈለገው ድራይቨሩን እንደገና መጫን ነው። ሌላው ሊነክስ ሲነሣ አገልግሎቶችን የሚያስጀምረው ሲስተምዲ ነው። ሲዘጋ የነበረውን ብራይትነስ መዝግቦ ሲነሣ ይመልሰዋልና፣ ማታ ለባትሪ ብለው ዝቅ ያደረጉትን ጠዋት ብልሽት ሊያስመስለው ይችላል፤ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ይበቃዋል።

በአሮጌውም በአዲሱም ከርነል፣ ሊነክስ ገና ሳይነሣ ባዮስ ገጹ ላይም ጭምር ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ግን ነገሩ የሶፍትዌር አይደለም። ክዳኑን ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ብርሃኑ እየመጣ እየሄደ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው የስክሪን ኬብል ነው፤ ፓነል ከመታዘዙ በፊት ኬብሉ ተፈቶ ይታይ።