ከጥቅምት በፊት

ስሙኝማ፣ የገንዳ ውሃን ነገር ላውጋችሁ። ከጎንደር ተነሥታችሁ ደጋውን ከኋላ ትታችሁ ወደ ምዕራብ ስትወርዱ ሙቀቱ እየበረታ፣ አፈሩ እየጠቆረ ይመጣል። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥ፣ የማሽላና የዕጣን አገር ነው። ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዞን ከተማ ናት። ከእሷ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል አለፍ ሲሉ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ አለች፤ ዛሬም በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ከድንበሩ ድልድይ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ናት።

በዚህ መንገድ ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም ሲመላለስ ኖሯል። ያለፉት ዓመታት ግን ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ መንገደኛ አመጡ። በ2011 ዓ.ም. በምዕራብና በማዕከላዊ ጎንደር ግጭት ተነሣና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። ያ ሳይጠገን የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተና ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ እዚያው ሠርቶ ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊም ልጁን አዝሎ በመተማ በኩል ገባ። ኩመርና አውላላ ላይ የስደተኛ መጠለያ ተከፈተ። ኮሌራ ገባ፤ ዘረፋና እገታም ተከተለ። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ብዙ ስደተኞች ለነፍሳቸው ፈርተው ከአውላላ በእግራቸው ወጡና መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአማራ ክልል ራሱ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ግጭት ውስጥ ነበር፤ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠር ተማሪም ከትምህርት ገበታው ቀረ።

እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ተኩሱ ጋብ ካለ በኋላ ያለውን ነው። እስቲ አንዲት ተፈናቃይ አያት አስቡልኝ። ስም አላወጣላትም፤ እንደ እሷ ያሉት ብዙ ናቸው። አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ሦስት ልጆች ይዛለች። ሁለቱ የልጇ ልጆች ናቸው። ሦስተኛዋ በሽሽቱ ቀን ከእናቷ ተነጥላ አብራቸው የሮጠች የጎረቤት ልጅ ናት፤ ለማን ትተዋታለች? ትልቁ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ተከፈተ፣ ደብተሩም ተገኘ።

መስከረም ሲያልቅ ግን ሰሊጥ ይደርሳል። ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል፣ የዓመት ልፋት ዋልካው ውስጥ ይቀራል። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ በሚባል ክምር ይቆማል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ደርቆ ይራገፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው እጅ ፍለጋ ይራወጣል፣ የቀን ክፍያም ይጨምራል። ያኔ ነው ደላላው የሴትዮዋን በር የሚያንኳኳው።

«እማማ፣ ይሄን ጎበዝ ለዐሥራ አምስት ቀን ብቻ ይስጡኝ። ገንዘቡን እጅዎ ላይ ነው የማስቀምጥልዎ።»

«ተማሪ እኮ ነው ልጄ።»

«ትምህርቱ የት ይሄዳል እማማ? የማይጠብቀው ሰሊጡ ነው።»

ልጁ ከወዲያ ሆኖ ይሰማል። «እምዬ፣ ልሂድ በቃ። የቤት ኪራዩንም እንከፍላለን» ይላል።

ምን ትበል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። አዋጁን ባታውቀውም ልቧ ያውቀዋል። ግን የኪራዩ ቀን ደርሷል። ልጁ ከሄደ ሌሊት ሜዳ ላይ ይተኛል። የካላ አዛርን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ተደብቃ ውላ በጨለማ ትናከሳለች፤ ወባውም አለ። ከደጋ የሚወርደውን ጎልማሳ ሠራተኛ እንኳ አልጋ ላይ የሚጥል በሽታ ነው። ዐሥራ አምስት ቀን የተባለውም ወር ይሆናል፤ ልጁ ሲመለስ ክፍሉ ርቆ ሄዷል። የልጅቷ ነገርማ ሌላ ነው፤ እሷን የሚጠይቃት ባል ፈላጊ ነው፣ ወይም ለሻይ ቤት ሠራተኛ የሚመለምል።

እንግዲህ ለነዚህ ልጆች የሚደረግ ነገር አለ። ከወላጅ የተነጠለ ልጅ ይመዘገባል፣ ዘመዱ ይፈለጋል፣ ዘመድ ከጠፋ የአደራ ቤተሰብ ይፈለግለታል። መጫወቻ ቦታ ይከለላል፣ ቦርሳ ይታደላል። ደግ ሥራ ነው፤ ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን ልጁን ቀንና ሌሊት የምትጠብቀው ይህች ሴት ናት። መቀነቷ ባዶ ከሆነ ቦርሳው ከደላላው አያስጥለውም።

ገንዘብ ከየት ታግኝ? ዕጣን ለቀማ አለ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ከፊታቸው የተከመረውን ዕጣን ከቅርፊትና ከአፈር ይለያሉ፤ ነጩን ለብቻ፣ ጠቆር ያለውን ለብቻ፣ ድቃቂውንም ለብቻ። ወገብ ይቆርጣል፣ ዓይን ያደክማል። ፍየልም አለች፤ ብዙ ጊዜ ለተፈናቃይ የምትሰጠው እሷ ናት። ጥሩ ናት፣ ግን እርግዝናዋ አምስት ወር ነው። በጥቅምት የተሰጠች ፍየል የጥቅምትን ኪራይ አትከፍልም።

ለኔ የሚታየኝ እንጀራ ጋግሮ መሸጡ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ቀጥሎም ለአጨዳ፣ ሳሉግ የሚባለው የወቅት ሠራተኛ ከደጋው በብዙ ሺህ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሰው ይበላል። በሰኔ ምጣድ፣ የማሽላ ዱቄትና ማገዶ መግዣ ያገኘች ሴት ክረምቱን ሙሉ ትሸጣለች፤ ደላላው ሲመጣ ኪራይዋን ከፍላ ትጠብቀዋለች። ያው ገንዘብ በታኅሣሥ ቢሰጣት ሠራተኛው ተበትኗል፣ ልጁም ሄዷል።

ብድር ትውሰድ እንዳትሉኝ። ብድር መታወቂያ ይጠይቃል፣ ዋስ ይጠይቃል፤ ትናንት ለመጣ ሰው ማን ዋስ ይሆናል? እቁብም ቢሆን የሚተዋወቁ ሰዎች ማኅበር ነው። ኢትዮጵያ ስለ ተፈናቃዮች የሚደነግገውን የካምፓላ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። ለተፈናቃይ መታወቂያ መስጠት መንግሥት የገባው ቃል ነው። ቀበሌው ወረቀቷን ሲሠራም ያችን የጎረቤት ልጅ አብሮ ይጻፋት፤ ስሟ ወረቀቱ ላይ ከሌለ እርዳታው ለሁለት ልጅ ይሰፈራል፣ የሚበሉት ግን ሦስት ናቸው።

እናም በዞኑና በየወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ የምትሠሩ፣ በየድርጅቱም በጀት የምትይዙ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ገንዘቡን ሰሊጥ በሚዘራበት በሰኔ አውጡት። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ መኪናው ሠራተኛ በሚጭንበት ቦታ ቀበሌው ሰው ያቁም፤ ከመጫኑ በፊት የእያንዳንዱን ልጅ ዕድሜ ይጠይቅ፣ ዕድሜው ያልደረሰውንም አውርዶ አሳዳጊው ዘንድ ያድርሰው።