የዕውቀት አያያዝ

አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ በሥራ ያካበቱትን ዕውቀት እንዴት እንደሚያስቀምጥ፣ እንደሚያጋራና ለተተኪ እንደሚያስተላልፍ አስቀድሞ ተስማምቶ ሲሠራ የዕውቀት አያያዝ አለው እንላለን። በየሥልጠናው «ኖሌጅ ማኔጅመንት» ሲባል የምንሰማው ይኸው ነው። «የዕውቀት አስተዳደር» የሚሉም አሉ። እኔ «አያያዝ»ን እመርጣለሁ፤ ከሂሳብ አያያዝና ከመዝገብ አያያዝ ጋር ስለሚሄድ፣ ደግሞም በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር በትእዛዝ ስለማይተዳደር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይኤስኦ 30401 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃም ከመርሆቹ አንዱ ይህ ነው፦ የሚመራው ዕውቀቱ ሳይሆን ሰዎች የሚሠሩበት ሁኔታ ነው።

ጉዳዩን ኢሉባቦር ላይ እንየው። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ሁሩሙ፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የያዮ ቡና ደን ባዮስፌር ሪዘርቭ ከሚያካትታቸው ወረዳዎች አንዷ ናት። ስፋቱ 167 ሺህ ሄክታር ገደማ የሆነው ይህ ሥፍራ የጫካ ቡና በተፈጥሮ የሚበቅልበት ነው። ደኑ አንድ ቢሆንም በየወረዳው የሚከታተሉት ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ምን እንደሚመዘገብና ማን ለማን እንደሚያካፍል የጋራ መርህ ከሌለ አንዱ ወረዳ ያየውን ሌላው ሳያውቀው ይቀራል።

አንድ የልማት ሠራተኛ ከቀበሌው ሲዛወር የሚሆነውን አስቡት። ክሊራንስ ይዞ ይዞራል። ወንበሩ፣ ላፕቶፑ፣ የሞተር ሳይክሉ ቁልፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የትኛው ተዳፋት ላይ ያለው ቡና ቀድሞ እንደሚቀላ፣ በሽታ መጀመሪያ የሚታየው በማን ማሳ እንደሆነ፣ የትኛው ዋንዛና ሰሳ ጥላው እንደከበደ ግን የሚጠይቀው የለም። ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል፤ ገበሬውም ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይመልሳል።

በጤናው ዘርፍ ጥሩ ምሳሌ አለን። በጤና ኬላ ለየቤተሰቡ የሚያዘው ፋሚሊ ፎልደር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትቀየርም የቤቱን የጤና ታሪክ እዚያው ያቆያል።

በወረቀት የማይያዝም አለ። ጀንፈል መድረቁን በእፍኙ እያንቀጫቀጨ በድምፁ የሚለይ ገበሬ ችሎታውን በቅጽ ሞልቶ አይሰጥም። ያንን የሚማሩት አብረውት በመዋል ብቻ ነው። ስለዚህ ነባሩና አዲሱ ባለሙያ ቢያንስ አንድ የለቀማ ወቅት አብረው ቢሠሩ ከማንኛውም ማኑዋል ይበልጣል እላለሁ። የሚጻፈው ደግሞ ገበሬውም ባለሙያውም በሚሠሩበት በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ ዕውቀቱን የሰጠው ገበሬም ስሙ ይመዝገብለት።

ክሊራንስ ላይ የምትፈርሙ ኃላፊዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሠራተኛው የሚያውቀውን በአንድ ገጽ ጽፎ ለተተኪው ማስረከቡን ጠይቁ።