ከወፍጮው ጋር የነበረው ዜማ

እኅቶቻችን፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መብራት ወደየቤቱ ሳይገባ ሰው በምን ይጫወት ነበር ሲባል፣ ቶሎ የሚታወሰን የሠርግ ዳስ፣ አዝማሪና ማሲንቆ፣ የገና ጨዋታና የነሐሴ 13 ቡሄ ነው። እነዚህ ግን ቀን ጠብቀው የሚመጡ ናቸው፤ ገናውና ቡሄውም የወንዶች ልጆች ጨዋታ ነበር። የእናቶቻችን ጨዋታ ከዕለት ሥራቸው ጋር አብሮ የሚሄድ ነበር።

ማታ ብርሃኑ የምድጃው እሳት ወይም ኩራዝ ነው። ላምባ በገንዘብ ስለሚገዛ ኩራዙ ቶሎ ይጠፋል። እናት እሳት ዳር ባዘቶዋን ይዛ እንዝርቷን ታሾራለች፤ ልጆች ይከቧታል። «እንቆቅልሽ» ሲሏት «ምን አውቅልሽ» ትላለች። መልሱ የጠፋው አገር ይሰጣል፤ አንዱ ነፋስ መውጫን፣ ሌላው ወገዳን፣ ሌላው መካነ ኢየሱስን ሰጥቶ ይገላገላል። ተረቱ ይቀጥላል፤ ፈትሉም አይቋረጥም።

ዶሮ ሳይጮኽ ደግሞ ወፍጮ አለ። መጁ ሲሄድና ሲመለስ ምት ይሰጣል፤ ሴቲቱ በዚያ ላይ ታንጎራጉራለች። ፊት ለፊት የማይነገረው የአማት ክፋት፣ የባል ዱላ፣ የሞተ ልጅ ናፍቆት በግጥም ይወጣል። ጎረቤት ሰምታ ችግሯን ትረዳለች። ዘፈን ነውና «ለምን ተናገርሽ» የሚላት የለም።

እውነተኛው ዕረፍት የበዓል ቀን ነው። በወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ሲሆን ወፍጮም ፈትልም ይቆማል። ያን ቀን ቡና ይፈላል፤ ከአቦል እስከ በረካ ወሬው ይደራል፤ ሹሩባ የምትሠራም አትጠፋም።

የሞተር ወፍጮ ሲመጣ የእናቶቻችን ትከሻ አረፈ፤ መብራትም ዓይናቸውን ከጭስ አዳነ። ወደ ድንጋይ ወፍጮ እንመለስ የሚል ከመካከላችን የለም። ነገር ግን ድንጋዩ ሲነሣ እንጉርጉሮውም መቀመጫ አጣ። ሸክሙ ሲቀር ሸክሙን የምንናገርበትም ቦታ አብሮ ቀረ።

ስለዚህ በየወሩ ቁጠባችንን ቆጥረን እንደጨረስን ቶሎ አንበተን። ቡና ይፈላ፤ ትልልቆቹ እናቶቻችን የሚያስታውሱትን የወፍጮ ዜማ ያሰሙን፤ መጻፍ የምትችል አባል በደብተር ታስፍረው። ዛሬም ፊት ለፊት ልትናገረው የማትችለው ነገር ያላት እኅት በመካከላችን ልትኖር ትችላለችና፣ የምትናገርበትን ቦታ እኛ እንሁናት።