አስታማሚ ከቤት ሲገባ፦ ያረጀን ሰው የመጦር ታሪክ



እድራችን የተቋቋመው ለቀብር ነው። መተዳደሪያ ደንባችንም የሚናገረው ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ንፍሮና ስለ አስተዛዛኝ ተራ ነው። ከቀብር በፊት ግን ሰው ይተኛል። አንዳንዱ ሳምንት፣ አንዳንዱ ሦስትና አራት ዓመት አልጋ ላይ ይቆያል። በዚያን ጊዜ ማን ያገላብጠዋል? ማን ያጎርሰዋል? መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠውስ ማነው? ደንባችን ይህን አይጠይቅም። በቅርብ ዓመታት በሰፈራችን ነርስ ወይም የሠለጠነ አስታማሚ ቀጥረው ወላጆቻቸውን የሚያስታምሙ ቤቶች እየበዙ መጥተዋል። ይህም በአንዳንዱ ዘንድ «እናቱን ለባዕድ ሰጠ» እያሰኘ ሐሜት ስላስነሣ፣ ነገሩ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ በጽሑፍ ባቀርበው ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

በድሮው አነጋገር ሰው የሚመኘው «ጧሪ ቀባሪ» ነበር። ጡረታ የሚለው ቃል ከመንግሥት ደመወዝ በፊት የነበረ ነው፤ መጦር ማለት ያረጀን ሰው ማብላት፣ ማልበስና ማስታመም ማለት ነው። በአገር ቤት ባለ ርስቱ ሰው ከልጆቹ አንዱን መርጦ፣ ልጅ ከሌለውም የዘመድ ልጅ አምጥቶ አሳድጎ፣ «ጡረኝ፣ ቅበረኝ» ብሎ መሬቱን ይናዘዝለታል። ይህ እንግዲህ ውል ነው። ደመወዙ በብር አልተቆጠረም እንጂ ላስታማሚ ዋጋ መክፈል ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ባል የሞተባቸው እናቶች ደግሞ ቆብ ደፍተው ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ሌሎችም ገዳማት ሄደው በዚያው ዕድሜያቸውን ይጨርሱ ነበር። ዘመድም ገዳምም ያላገኘ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቀመጣል።

ነገሩን አሳምረን ብቻ እንዳናወራው ያህል፣ በዚያ ዘመን ሸክሙ የወደቀው በሴት ልጅና በምራት ላይ ነው። በትላልቆቹ ቤቶች ደግሞ በአሽከርና በገረድ ላይ፤ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስም በባሪያ ላይ ነበር። «ድሮ ልጅ ወላጁን በገዛ እጁ ይጦር ነበር» ሲባል እሰማለሁ። ልጅ ማለት ግን ልጂቱ ናት። ወንድ ልጅማ መጥቶ ይጠይቃል፣ ጉልበት ስሞ ይመርቁታል፣ ይሄዳል። ገላ የምታጥበው፣ ጨርቅ የምታጥበው፣ ሌሊት የምትነሣው እኅቱ ናት። ይህን የሚክድ ካለ እቤቱ ያሉትን እናት ይጠይቅ።

ዘመናዊ ሕክምና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ በስማቸው የተጠራው ሆስፒታል ቢከፈትም፣ በሽተኛን ማስታመም እንደ ሙያ የሚማሩት ነገር መሆኑ ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው። እዚህ ላይ ልዕልት ፀሐይን ሳላነሣ አላልፍም። በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር በለንደን ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተምረው፣ ከነፃነት በኋላ አገራቸው ገብተው፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ሳሉ በወጣትነታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የበሽተኛ ቁስል ማጠብ መማራቸው በዚያ ጊዜ ትንሽ ነገር አልነበረም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራ ጀምሮ ከጤና መኮንኖች ጋር ወደ ሕዝቡ ቤት የሚሄዱ ነርሶችንም ያሠለጥን ጀመር።

በሰፈር ደረጃ ግን እኛ የምናውቀው ድሬሰሩን ነው። የመስታወት መርፌውን በቆርቆሮ ሣጥን አፍልቶ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከቤት ቤት እየዞረ የሚወጋው እሱ ነበር። ቁስል ያጥባል፣ ያሽጋል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። የታዘዘውን ሲፈጽም ደግ ነው፤ ሐኪም ሳያዝዝ በራሱ ሲወጋ ግን ጉዳት ነበረው። ቢሆንም ባለሙያ ከፍሎ እቤት ማስመጣትን ሕዝቡ የለመደው በሱ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

በሕግ በኩልም ነገሩ ሲጓዝ ቆይቷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ የተቸገረ ወላጁን እንዲጦር ያስገድዳል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ግዴታ አጽንቶታል። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በ1953 ዓ.ም. ተደንግጎ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ጸና። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ጠብቋል። በመካከሉ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። አዋጁ ለብዙ ተከራይ እፎይታ ነው፤ ይሁንና ሁለት ሦስት ክፍል ሠርተው በኪራይ እርጅናቸውን ሊገፉ ያሰቡ መበለቶችም በዚያው ገቢያቸው ቀረ። ሌላ ገቢ ለሌላቸው ወርሐዊ መተዳደሪያ እንዲሰጥ ቢደነገግም፣ በኪራይ ብር ዘመድ አስጠግቶ መጦር ከዚያ ወዲያ ቀርቷል።

ቀጥሎ የመጣው መበታተን ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሴቶች ልጆቻችን ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ ሄዱ፤ ሌሎቹ አሜሪካ ገቡ። እንግዲህ አስቡት። ያቺ ድሮ እናቷን ታገላብጥ የነበረችው ልጅ ዛሬ በዐረብ አገር የሰው እናት ታገላብጣለች። በዋሽንግተን አካባቢም ስንቶቹ «ሲኤንኤ» የሚባለውን የአስታማሚነት ትምህርት ተምረው በዚያው ሥራ ይኖራሉ። ከዚያ ባገኘችው ደመወዝ እዚህ ለእናቷ የሌላ ሰው ልጅ ትቀጥራለች። ታዲያ «ለባዕድ ሰጠች» ብሎ ማማት ምን ይባላል? ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ቤት መጣ። አሮጌው ሰፈር ሲነሣ ጎረቤት ለጎረቤት «እስቲ አባባን እያቸው» መባባል ቀረ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው አዛውንት ታመው አንድ ጊዜ ከወጡ መውረጃ የላቸውም፤ ሐኪም ቤት ለመሄድ አራት ጎረምሳ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለሙያው ወደ እሳቸው መውጣት አለበት።

አሁን ወደ እድር ልምጣ። እድር ከጣልያን ወረራ በፊት የነበረ ቢሆንም በከተማችን በሰፊው የተስፋፋው ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ነው። ሥራውም ለረጅም ጊዜ ሙት መቅበርና ማስተዛዘን ብቻ ሆኖ ቆየ። ይህን ያናወጠው በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ በሽታ ነው። ያን ጊዜ የሆስፒታል አልጋ ጠፋ፤ ወጣቱ በየቤቱ ወደቀ፤ የእድር ሣጥንም በቀብር ብዛት ተራቆተ። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ከድርጅቶች ጋር ሆነው በነርስ የሚቆጣጠሯቸው በጎ ፈቃደኞች አሠለጠኑ። እነዚያ ሴቶች ጓንት፣ ሳሙናና የቁስል ማጠቢያ ይዘው ሰው የሸሻቸውን ሕመምተኞች ያጥቡ፣ ይመግቡ ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ብዙዎቹ ሕመምተኞች ተነሥተው ሄዱ። ሥራውም በዚያው ቀዘቀዘ እንጂ፣ እድር በቁም ያለን ሰው ማስታመም እንደሚችል ያን ጊዜ ታይቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በ1995 ዓ.ም. በገጠር ተጀምረው ቆይቶ ወደ ከተማ ሲገቡ በየቤቱ የሚዞሩ ነርሶች ሆነው ነው። ግፊትና ስኳር ይለካሉ፣ ይመክራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ማስታመም ግን ሥራቸው አይደለም።

ዛሬ የሚቀጥር ሰው ምን ማወቅ አለበት? ከሁሉ በፊት አስታማሚና የቤት ሠራተኛ ሁለት መሆናቸውን ነው። አንዲት ልጅ ወጥ ሠርታ፣ ልብስ አጥባ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አምጥታ፣ በዚያ ላይ የማይንቀሳቀስ ሰው እንድታስታምም ማድረግ ልጂቱንም በሽተኛውንም መበደል ነው። የማይንቀሳቀስ ሰው በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ አለዚያ ተረከዙና ዳሌው ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል፣ ከወጣም በቀላሉ አይድንም። የድሮ ሰዎች በአጎዛ ላይ ያስተኙ የነበረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ምግብ ደግሞ ቀና አድርጎ ነው የሚሰጥ፤ በጀርባው እንደ ተኛ ያጎረሱት ሰው ይታነቃል። የሽንት ቱቦ ያለው፣ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ በአፍንጫ የሚመገብ ሰው ሲሆን ነርስ ወይም ነርስ ያሠለጠነችው ሰው እንጂ ሌላ ሰው እንዲነካው አይገባም። ነርስ ነኝ ያለም የሙያ ፈቃዱን ያሳይ፤ ማየት ነውር የለበትም። አንድ ነርስ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እየመጣች፣ በቀረው ጊዜ እሷ ያሳየቻት አስታማሚ ብትይዘው ወጪውም ይቀላል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በደላላ አፍና በተያዥ ብቻ መቅጠር ለሁለቱም ወገን ጥሩ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እቤት ውስጥ ለግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው ሌላ ደንብ ይወጣለታል ብሎ ወደ ጎን ትቶታል፤ ስለዚህ በወረቀት ያልሰፈረው ነገር ሁሉ ኋላ ጭቅጭቅ ነው። የሥራው ሰዓት፣ የሌሊቱ ተረኛ ማን እንደ ሆነ፣ የዕረፍት ቀን፣ ደመወዙ የሚከፈልበት ቀን፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚገዛ ይጻፍ። በመዝገብ ቤት ሠርቻለሁና አንድ ነገር ልጨምር፦ አልጋው አጠገብ ደብተር ይቀመጥ። የተሰጠው መድኃኒት፣ የተለካው ግፊት፣ የበሉት ምግብ ከነሰዓቱ ይመዝገብበት። ሩቅ አገር ያለው ልጅ በስልክ ሲጠይቅ ይነበብለታል፤ ሐኪሙም ከአሥር ሰው ወሬ ይልቅ በደብተሩ ይረዳል። የቤት ካርታና ወርቅ ደግሞ ከበሽተኛው ክፍል ይነሣ፤ ይህ አስታማሚዋን መጠርጠር ሳይሆን ከጥርጣሬ ማዳን ነው።

የሠለጠነ ሰው ተቀጠረ ማለት ልጅ ከጧሪነት ወጣ ማለት አይደለም። ገላ ማጠቡን ባለሙያ ቢይዘው ልጅ ቁጭ ብሎ ያወራል። አዛውንቱም ቢሆኑ በወንድ ልጃቸው እጅ ከመታጠብ በማያውቁት ነርስ መታጠብ የሚቀላቸው ሞልተዋል፤ ኀፍረት አለ እኮ። ብዙ ሰው ይህን አይጠይቃቸውም።

አቅም የሌለው አባልስ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ድንኳናችን ሰው ሲሞት ብቻ ይወጣል፤ ወንበሮቹም እንደዚሁ። አንድ አባል አራት ዓመት ተኝቶ ቤተሰቡ ያለውን ሁሉ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ የቀብሩን ገንዘብ እንሰጣለን። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ የማቀርበው ሐሳብ ከወርሐዊ መዋጮው ጥቂት ተለይቶ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበርና አንድ ራስጌው ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ ተገዝቶ በውሰት እንዲሰጥ፣ በሰፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ ነርሶችም ተጠይቀው ለአባላት ልጆች የማስታመም ትምህርት እንዲሰጡ ነው። ገንዘቡ ከመዋጮ ይነሣ ወይስ ለብቻ ይሰብሰብ የሚለውን የሒሳብ ሹሙ አስልተው ለጉባዔው ቢያቀርቡልን፣ አባላትም እቤታቸው የተኛ ሰው ካለ ከጉባዔው ቀን በፊት ለየቀጠናቸው ተጠሪ ቢያስመዘግቡ ቁጥሩን ይዘን እንነጋገራለን።