የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ዲግሪ በካምፓላ፦ የአንድ መስፈርት ታሪክ

አንድ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ የሚጠይቀው ዝርዝር ላይ ላዩን ሲነበብ የሬጅስትራር ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ይህን ያህል ነጥብ፣ ይህን ያህል ሴሚስተር፣ ይህን ያህል የሥራ ልምምድ። ነገር ግን እያንዳንዱ መስመር በአንድ ወቅት የተወሰነ ውሳኔ ነው፤ አንዱን መንገድ ሲከፍት ሌላውን ዘግቷል። ይህ ጽሑፍ በካምፓላ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የሚጠየቀው ነገር ከየት እንደመጣ ይመረምራል። የሚከተለውም ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ በማከሬሬ የእጅ ሙያ መጀመሪያ የትምህርቱ መሠረት ነበር፤ ኋላ ከግቢው ወጣ፤ ምሕንድስና ሲመጣ ደግሞ የዲግሪ መስፈርት ሆኖ በሌላ በር ተመለሰ። ባለሙያው ግን አብሮት አልተመለሰም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማከሬሬ በ1922 ሥራ ሲጀምር ዩኒቨርሲቲ የመሆን አሳብ አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 14 ወጣቶች ነበሩ፤ ከየቤታቸው እየተመላለሱ አናጢነት፣ ግንበኝነትና መካኒክነት ይማሩ ነበር። በዚያው ዓመት ተቋሙ የዩጋንዳ ቴክኒክ ኮሌጅ ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ የሕክምና፣ የግብርና፣ የእንስሳት ሕክምናና የመምህርነት ትምህርት ተጨመረበት። የቅኝ አገዛዙ መንግሥት የሚፈልገው ሰው ዓይነት በተለወጠ ቁጥር የትምህርቱም ሚዛን ተለወጠ፤ ሐኪም ረዳትና ጸሐፊ ሲፈለግ አናጢው ወደ ዳር ተገፋ። የእጅ ሙያው ክፍል በ1928 አነስተኛ የሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ይጠቀሳል፤ ኋላም ከማከሬሬ ወጥቶ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ ኪያምቦጎ ኮረብታ ተዛወረ። ካምፓላ የኮረብቶች ከተማ ናትና የዕውቀት ማዕረግም በኮረብታ ተከፋፈለ፤ ማከሬሬ ላይ መጽሐፍ፣ ኪያምቦጎ ላይ መዶሻ።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ክፍፍል ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአዲስ አበባ ለቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የተመረጠው «ተግባረ እድ» የሚል የግዕዝ ስም የእጅን ሥራ በክብር ይጠራል፤ ማኅበረሰቡ ግን ለባለ እጁ ያንን ክብር ለመስጠት ብዙ ዘግይቷል።

በ1937 ለምሥራቅ አፍሪካ የከፍተኛ ትምህርት ማዕከል እንዲሆን የታሰበው ማከሬሬ በ1949 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተቆራኘ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ። ከዚህ በኋላ ዲግሪው የለንደን ነበር፤ መስፈርቱም እንዲሁ። የቁርኝቱ ጥቅም የካምፓላ ምሩቅ ከእንግሊዝ ምሩቅ አያንስም የሚለውን ማረጋገጫ ማስገኘቱ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ወደ ትምህርቱ የሚገባው ሰው በእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ሥርዓት መለካቱ ነበር። በሙያ ትምህርት ቤት ሞተር መፍታትና መግጠም የተማረ ወጣት በዚህ መለኪያ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ምሕንድስና ግን በማከሬሬ አልተሰጠም። የክልሉ ፖሊሲ ውድ የሆኑ ትምህርቶች በሦስቱ አገሮች እንዳይደጋገሙ ይሻ ነበርና ሕክምናና ግብርና ለካምፓላ፣ ምሕንድስና ለናይሮቢ፣ ኋላም ሕግ ለዳሬሰላም ተደለደለ። በናይሮቢ የሮያል ቴክኒካል ኮሌጅ በ1956 ተማሪ መቀበል ጀመረ። ድልድሉ በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ነው፤ በመሬት ላይ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር አለው። የዩጋንዳ ኤሌክትሪክ ቦርድ በ1948 ተቋቁሞ ነበር። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት በጂንጃ የኦወን ፎልስ ግድብ በ1954 ተመረቀ፤ አሥር ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 15 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የታቀደ ጣቢያ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኃይሉ በሽቦ ወደ ኬንያ መሻገር ጀመረ። እንግዲህ ዩጋንዳ ለጎረቤቷ ኤሌክትሪክ ስትልክ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ለመሆን የሚሻው ልጇ ወደዚያችው ጎረቤት ወይም ወደ ባሕር ማዶ ይሄድ ነበር። በአዲስ አበባ ቅደም ተከተሉ ተቃራኒ ነው፦ የምሕንድስና ኮሌጁ በ1952 ተከፈተ፤ የቆቃ ግድብ የተመረቀው በ1960 ነው።

የሦስቱ አገሮች ኮሌጆች በ1963 የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በሚል ተዋሐዱ፤ በ1970 ተለያዩ። ማከሬሬ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የቴክኖሎጂ ፋኩልቲውም በዚያው ዓመት ተቋቋመ፤ ሲቪል፣ ኤሌክትሪክና መካኒካል ምሕንድስናን ይዞ። ልብ ሊባል የሚገባው የዩጋንዳ የመሐንዲሶች ምዝገባ ሕግ የወጣው በ1969 መሆኑ ነው፤ «መሐንዲስ» ማን እንደሚባል በሕግ የተወሰነው አገሪቱ መሐንዲስ የምታስተምርበት ፋኩልቲ ከመክፈቷ በፊት ነው። በሕጉም መሠረት ዲግሪ ብቻውን አይበቃም፤ የተግባር ልምድ ይጠየቃል። ወጣቱ ፋኩልቲ ገና ሳይጠና በ1971 ኢዲ አሚን ሥልጣን ያዘ፤ በ1972 እስያውያን ተባረሩ፤ የውጭ አገር መምህራንም እየለቀቁ ሄዱ። ያንን ዘመን ተሻግሮ መስፈርቱ ከነቅርጹ መቆየቱ በራሱ የሚደንቅ ነው።

አሁን ወደ መስፈርቱ ራሱ እንግባ። በቀጥታ የሚገባ አመልካች የሁለተኛ ደረጃ የላይኛውን እርከን ፈተና ማለፍ አለበት፤ ሒሳብና ፊዚክስ ደግሞ የግድ ናቸው። ነጥቡ የሚሰላው በክብደት ነው። ኤ 6፣ ቢ 5፣ ሲ 4 እያለ ይወርዳል፤ የግድ የሆኑት ትምህርቶች በሦስት፣ ተዛማጁ በሁለት ይባዛሉ። በሒሳብና በፊዚክስ ኤ ያመጣ ተማሪ ከሁለቱ ብቻ 36 ነጥብ ይይዛል። ከታችኛው እርከን ፈተና የሚመጣው ነጥብ በአሥረኛ ክፍልፋይ ይደመራል፤ ስለዚህ ፉክክሩ በበረታበት ዘርፍ የአንድ ሰው ዕድል በነጥብ ክፍልፋይ ሊወሰን ይችላል።

ይህ ስሌት ፍትሐዊ መስሎ ይታያል፤ ለሁሉም አንድ ነውና። ሆኖም ውሳኔው በእርግጥ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ አይደለም። አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ የትምህርት ጥምረቱን ሲመርጥ ፊዚክስን ካልያዘ በሩ በቀጥታ ተዘግቷል። ፊዚክስን መያዝ መቻሉ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራና መምህር ያለው በመሆኑ ይወሰናል። በ2000ዎቹ አጋማሽ መንግሥት የሳይንስ ትምህርቶችን በታችኛው እርከን ግዴታ ያደረገው፣ የመንግሥት የትምህርት ወጪ ሽፋንንም ወደ ሳይንስ ያዘነበለው ከዚህ የተነሣ ነው። ግዴታው ግን ቤተ ሙከራ አይሠራም።

ስለ ሴቶችም እንዲሁ። ማከሬሬ ሴት ተማሪዎችን መጀመሪያ የተቀበለው በ1945 ነው፤ ስድስት ነበሩ። በ1990 ለሴት አመልካቾች ሁሉ 1.5 ነጥብ እንዲጨመር ተወሰነ። እርምጃው በጠቅላላው የሴቶችን ቁጥር በማሳደጉ ይመሰገናል። በምሕንድስና ግን የስሌቱን ውጤት ማየት ይገባል፦ በሒሳብ ከቢ ወደ ኤ መውጣት ሦስት ነጥብ ያስገኛልና ጭማሪው የዚያ እርከን ግማሽ ብቻ ነው። ፊዚክስ ላልተማረችውም ምንም አይረዳትም። በእኔ ግምት መሰናክሉ ያለው ከታች ሆኖ ሳለ መፍትሔው የተሰጠው ከላይ ነው።

ወደ ውስጥ የገባ ተማሪ አራት ዓመት ይማራል፤ በኢትዮጵያ ለምሕንድስና የተለመደው አምስት ዓመት ነው። ሒሳብ፣ የሰርኪዩት ቲዎሪ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ የኤሌክትሪክ ማሽኖች፣ የኃይል ሥርዓት፣ ቁጥጥርና መገናኛ በየሴሚስተሩ ይከተላሉ። በሴሚስተሮቹ መካከል ባለው ጊዜ ደግሞ ተማሪው ወደ ወርክሾፕና ወደ ኢንዱስትሪ ልምምድ ይወጣል፤ በመጨረሻው ዓመት የራሱን ፕሮጀክት ሠርቶ ያቀርባል። በ1922ቱ ኮረብታ ላይ መላው ትምህርት የነበረው መቁረጥ፣ መበየድና መግጠም ዛሬ የጥቂት ሳምንታት መስፈርት ነው። በኢትዮጵያ ከ2023 ጀምሮ ከዚህ ሁሉ በላይ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ እርሱም በኮምፒዩተር የሚሰጥ የዕውቀት ፈተና እንጂ የእጅ ፈተና አይደለም።

በካምፓላ ለባለ እጁ የቀረለት አንድ ጠባብ በር አለ፤ እርሱም የዲፕሎማ መግቢያ ነው። በኤሌክትሪክ ሙያ ከፍተኛ ውጤት ያለው ዲፕሎማ የያዘ ሰው ከተወሰኑ ቦታዎች ለአንዱ መወዳደር ይችላል። ብዙዎቹ ዲፕሎማውን የተማሩበት ኪያምቦጎ ራሱ ስሙን ከቴክኒክ ኢንስቲትዩት ወደ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ ከዚያ ወደ ፖሊቴክኒክ ሲለውጥ ኖሮ በ2003 ከመምህራን ማሠልጠኛውና ከልዩ ትምህርት ተቋሙ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ በምሕንድስና የራሱን ዲግሪ ይሰጣል፤ በቀጥታ ከሚገቡ አመልካቾቹም የሚጠይቀው ሒሳብና ፊዚክስ ነው።