ሲንጀርና የጠርዝ ልክ



በየቤታችን ጥግ ከእናት ወይም ከአያት የተወረሰ ሲንጀር አይጠፋም። እኔም ጋ አንድ አለ፤ እናቴ እኛን ልጆቿን ያሳደገችበት። እሷ ካረፈች በኋላ ልሰፋበት ብሞክር ስፌቱ አንዴ ጠበብ፣ አንዴ ሰፋ እያለ አስቸገረኝ። «በቃ አርጅቷል» ብዬ ለቆራሌው ልሰጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። ታሪኩን ሳውቅ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1846 አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው ባስመዘገበው የስፌት መኪና ላይ ጨርቁ የሚጓዘው እሾህ ባለው ብረት ላይ ተሰክቶ ነበር። ብረቱ ጫፍ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ ጨርቁን ነቅሎ እንደገና መሰካት ግድ ነው። አይዛክ ሲንገር በ1851 ያስመዘገበው ግን ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ከላይ በእግር ተጭኖ፣ ከሥር በጥርሳም መንኰራኵር እየገፋ ሳያቋርጥ ይሰፋል። ሃው ከሶ በ1854 ረታው። ቢሆንም ኩባንያው በ1856 መኪናውን በየጊዜው እየከፈሉ መውሰድን ስለ ጀመረ ገንዘብ ያልሞላለትም ቤት ሊገባ ቻለ።

ታዲያ ሲንገር ጨርቁን ከእሾህ ነፃ ሲያወጣው፣ መምራቱን ለሰፊው እጅ ተወለት። መኪናው ይሰፋል እንጂ አይለካም። በብዙዎቹ አሮጌ ሲንጀሮች መርፌው በሚገባበት ብረት ላይ የመለኪያ መስመር የለም። በምትኩ ከመርፌው በስተቀኝ የብሎን ቀዳዳ አለ፤ የጨርቁን ጠርዝ የሚያስኬድ ትንሽ ብረት የሚታሰርበት ነው።

«ሁለት ሚሊሜትር ምን ያመጣል?» አትበሉ። አንድ ስፌት ሁለት ጨርቅ ስለሚይዝ ስሕተቱ 4 ሚሊሜትር ይሆናል፤ አራት ስፌት ባለው ቀሚስ 16 ሚሊሜትር! ወገቡ አልዘጋ የሚለው በዚህ ነው።

ብረቱ የጠፋበት ሰው መርፌውን በእጅ ዝቅ ያድርግ፤ ከመርፌው ወደ ቀኝ የሚፈልገውን ልክ ለክቶ እዚያው ላይ ፕላስተር ይለጥፍ። ሲሰፋም ዐይኑ መርፌውን ሳይሆን ጠርዙን ይከተል።

የእናቴን መኪና ስጠርግ ከመርፌው በስተቀኝ በሚስማር የተጫረች ቀጭን መስመር አገኘሁ። ብለካት ልክ 1.5 ሴንቲሜትር ሆነች። እናቴ መላውን ድሮ አግኝታው ኖሯል፤ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የወላጅን ዕቃ ከመጣላችን በፊት ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ አያያዙን እንጠይቅ። ቸር ይግጠመን።